ሞትን ስለ መፍራታችን

የተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ሞት ማንሣት እንደ ሟርት በሚቆጠርበት አገራችን፣ ለቀብራችን ግን በየወሩ የእድር መዋጮ እንከፍላለን፤ ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ሞት እንደማይቀር እያወቅን የምንፈራው፣ ብቻችንን መሄዱና የጀመርነውን ሳንጨርስ መለየቱ ስለሚከብደን ይመስለኛል። እናቴ በጠና በታመሙ ጊዜ እኛ ልጆቻቸው የበሽታውን ስም ደብቀናቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሁሉን አውቀው ኖሮ፣ አንድ ማታ መገነዣቸው የሚሆነውን አቡጀዲ ያኖሩበትን ሣጥን አሳይተው ስለ ታናሽ እኅቴ ብዙ አደራ አሉኝ። ለካ ፈሪዎቹ እኛ ነበርን። መርዶ ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገረው ባለ ሐዘኑ ብቻውን እንዳይሸከመው ነው፤ ይኸው ወግ ለሚሞተው ሰው፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ ለምን እንደሚነፈገው አይገባኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ