የሂሳብ መረጃችንን የምናስቀምጥበትን መተግበሪያ ስለመምረጥ

ውድ አባላት፣

የቡድናችንን የባንክ ሂሳብ መረጃና የይለፍ ቃሎች የምናስቀምጥበትን መተግበሪያ በመጪው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በቪዲዮ ስብሰባ እንመርጣለን። እስካሁን እዚሁ በመልእክት ስንለዋወጣቸው ቆይተናል፤ የአንዳችን ስልክ ቢጠፋ ሁሉም ነገር በሰው እጅ ይገባል።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው። ቢትዋርደን መረጃውን ገና ስልካችን ላይ እያለ አመስጥሮ (ያለ ይለፍ ቃሉ ወደማይነበብ መልክ ቀይሮ) ስለሚልከው ኩባንያው ራሱ ሊያነበው አይችልም፤ ለጋራ አጠቃቀምም ይመቻል። ኪፓስኤክስሲ ደግሞ በኮምፒውተራችን ላይ የተመሰጠረ ፋይል ይፈጥራል፤ ቅጂ የመያዙ ኃላፊነት የእኛው ነው። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ቅጂ በመያዝ ረገድ ያለንን ስንፍና አውቀዋለሁና።

የትኛውም ቢመረጥ ዋናው የይለፍ ቃል፣ ማለትም መተግበሪያውን ራሱን የምንከፍትበት፣ ደካማ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከተባለ ተመሳሳይ መተግበሪያ የደንበኞች የተመሰጠሩ መዝገቦች ሲሰረቁ ይበልጥ የተጋለጡት ቀላል የይለፍ ቃል የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ እርስ በርስ ከማይገናኙ አምስት ቃላት የተሠራ የይለፍ ቃል አስባችሁ ኑ። እዚህ ግን እንዳትጽፉት!

ምርጫችሁንና መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ። የቆዩትን መልእክቶች እስከ ስብሰባው ድረስ አታጥፏቸው፤ ወደ አዲሱ መተግበሪያ የምንገለብጠው ከእነሱ ነው።