ጋዙ ይውጣ፣ የውሃው ሕግ ግን ይቅደም

ለአዘጋጁ፣

በሶማሌ ክልል ስላለው የኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ውሃ ግን አንድም ቃል የለበትም። እኔ የምኖረው አቃቂ ነው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻው የሚወጣው ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃ አንዴ ከተበከለ ለማጽዳት እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ እኛ ሰፈር ማንም አይጠፋውም።

ነገ አንድ ኩባንያ መጥቶ ጋዙን ለማውጣት አለቱን በውሃ፣ በአሸዋና በኬሚካል ግፊት ልሰንጥቅ (ፍራኪንግ የሚሉት ዘዴ ነው) ቢልስ? ለአንድ የጋዝ ጉድጓድ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይሄዳል፣ ያውም ዝናብ በራቀው የአርብቶ አደር አገር! ፈረንሳይ ዘዴውን በ2011 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች። አሜሪካ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ዘዴውን በአብዛኛው ከመጠጥ ውሃ ሕጓ ነፃ አደረገችው፤ ከዚያ ግዛቶቹ እየተሯሯጡ የየራሳቸውን ደንብ አወጡ። እኛ ለምን ዘግይተን እንሯሯጣለን?

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለን፣ ጥሩ ነው። ግን ለዚህ ሥራ ለብቻው ዝርዝር ደንብ ያስፈልጋል። ቁፋሮ ሳይጀመር የአካባቢው የውሃ ጉድጓዶች ይመርመሩ፣ ኬሚካሎቹም በስማቸው ይገለጹ። «የንግድ ሚስጥር ነው» የሚል መልስ አንቀበልም። ተመልሶ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ የት ሊደፋ ነው? ይሄም ከፈቃዱ በፊት ይነገረን። የምርመራው ውጤት ደግሞ ግመሉን እዚያ ለሚያጠጣው ሰው በሶማሊኛ ይድረሰው።

የአቃቂ ነዋሪ