እሑድ ስልኬ ለምን እንደተዘጋ

ይድረስ ለአባባ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታዬን ይቀበሉኝ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደውላችሁ ስልኬ ዝግ ነበር። እህቴ ሚጣ «ረሳኝ» ብላ አለቀሰች አሉኝ። አልረሳኋትም። እዚሁ ፍራንክፈርት የቼዝ ውድድር ላይ ነበርኩ። በውድድር ላይ ስልኩ የጮኸበት ሰው ይሸነፋል፤ ስለዚህ አጥፍቼ ገባሁ። የነገራችሁኝ ደግሞ ሽማግሌ ማታ ይመጣል ብላችሁ ነው። ቀን መሆኑን ባውቅ ውድድሩም ይቅር ነበር።

ግን አባባ፣ አሸነፍኩ! ሰውየው 1940 የደረጃ ነጥብ አለው፣ እኔ 1540። በ400 ነጥብ ከሚበልጥ ሰው ጋር አሥር ጊዜ ቢጫወቱ የአንድ ድል ያህል እንኳ ነጥብ አይሞላም ተብሎ ነው የሚሰላው።

በ38ኛው እርምጃ «እኩል እንውጣ» አለኝ። እሺ ልል ነበር። ያኔ በረንዳችን ትዝ አለኝ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እርስዎ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ፣ በጠፋው ጥቁር ወታደር ቦታ የለስላሳ ቆርኪ። በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደሚነዱ፣ ያም ወረራ እንደሚባል የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ስቸኩል «ይሄ ወረራ አይደለም፣ ተራህን ጠብቅ» ይሉኝ ነበር።

ጠበቅኩ። ሁሉም ተበላልቶ ሁለቱ ነገሥታትና የኔ አንድ ወታደር ቀሩ። «ንጉሡ ይቅደም፣ ወታደሩ ይከተል» እንዳሉኝ አደረግኩ። ንጉሤ ከወታደሩ ቀድሞ ስድስተኛው መስመር ላይ ሲቆም፣ ሰውየው ሰሌዳውን ብዙ አየና እጁን ዘረጋልኝ። ወጥቼ መጀመሪያ ለእርስዎ ልደውል ስልኬን ስከፍት አሥራ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ። ደስታዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ።

ብር ልኬያለሁ። ለመድኃኒትዎ ነው፤ አደራ ለድግሱ እንዳይነካ። የድግሱን በሚመጣው ወር እልካለሁ። እማዬ ስኳርዎ ከፍ ማለቱን ነገረችኝ። እግርዎ ላይ ቁስል ካለ አይደብቁኝ። ሂርማታ ገበያ ድረስ በእግር መሄዱንም አይተዉ። እኔ ደህና ነኝ። ድምፄ የደከመው ጉንፋን ይዞኝ ነው። ሥራው የሌሊት ነው እንጂ አይከብድም። አንዳንዴ ንጋት ላይ ስመለስ ግን የእማዬ ቡና ሲቆላ የሚሸተኝ ይመስለኛል፤ ያን ቀን እንቅልፍ የለም።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን ለሚጣ ይስጡልኝ። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ፣ እርስዎ ምን ብለው እንደመለሱ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ አንድም ሳታስቀር ትንገረኝ።

ልጅዎ