ስንቅ ያመላለሱ ልጆችም ይጻፉ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ደርግ ዘመን እስረኞች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ተገደሉት፣ ስለ ተገረፉትና በኋላም ስለ ተካሄደው የፍርድ ሒደት ያነሡት ሁሉ ተገቢ በመሆኑ የምቀንሰው ነገር የለኝም። ሆኖም በዚህ ጽሑፍም ሆነ ስለዚያ ዘመን በአነበብኳቸው በርካታ መጻሕፍት ውስጥ፣ በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዘው ይሰለፉ የነበሩ ልጆች ቢጠቀሱ እንኳ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ታልፈዋል። እኔ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬ ወደ ስድሳ ዓመቴ እየተጠጋሁ ነው።

አባቴ መምህር ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የአብዮት ጥበቃ አባላት መጥተው ሲወስዱት እኔ የአሥር፣ እህቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን። “ለጥያቄ ነው፤ ነገ ይመለሳል” አሉን። የተመለሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ክስ አልተነበበለትም፣ ዳኛ ፊትም አልቀረበም። መጀመሪያ በቀበሌ፣ ቀጥሎ ከቀበሌ በላይ በነበረው አስተዳደር በከፍተኛው፣ በመጨረሻም በአንድ ትልቅ እስር ቤት ቆይቷል። የቦታዎቹን ስም መጥቀስ ለዚህ ደብዳቤ ስለማያስፈልግ ትቼዋለሁ።

እናቴ ቀን ቀን የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድገን ስለነበር ስንቁን የምናደርሰው እኔና እህቴ በየተራ ነበርን። ምግቡ በሳህን ተደርጎ፣ ሌላ ሳህን ተደፍቶበት፣ በጨርቅ ይቋጠራል። በሩ ላይ ጠባቂው ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ወረቀት ተደብቆ እንደሆነ ለማየት እንጀራውን በእንጨት እየወጋ ይፈትሻል። መልእክት መላላክ ፈጽሞ ክልክል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ባዶው ሳህን በዚያው ጨርቅ ተቋጥሮ ይመለስልናል። አባቴ ግራኝ በመሆኑ የሚያስረው ቋጠሮ ከሌላው ሰው ቋጠሮ በተቃራኒ ነበር የሚዞረው። እናቴ ሳታየው እንዳንፈታው አጥብቃ አስጠንቅቃናለች። ማታ ከሥራ ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ጨርቁን ወደ ኩራዙ አስጠግታ ታገላብጠውና “እሱ ነው” ትላለች። እኛም እንደ ተፈቀደልን ሁሉ ራታችንን እንበላለን። አንድ ጊዜ ቋጠሮው ወደ ቀኝ ዞሮ መጣ። እናቴ ያን ሳምንት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። በድብደባ እጁ አብጦ ስለነበር አጠገቡ የሚተኛ ሌላ እስረኛ እንዳሰረለት ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ “ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ከፊቴ ለቆሙ እናት ይህ ቃል ሲነገራቸው ሰማሁ። ሐዘን መቀመጥም ሆነ በአደባባይ ማልቀስ ያስጠይቅ ስለነበር፣ ሳህናቸውን ከነምግቡ አንሥተው ድምፅ ሳያሰሙ ሄዱ፤ እኛ የቀረነውም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋን። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ያ እርምጃ ነው። ተራዬ በመድረሱ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

የእስር ቤቱ በር በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚወስድ ሲሆን ሌላው ጊዜ ግን በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚያልፍ ነበር። አባትህ የት ነው ለሚለኝ ሁሉ “ሐረር ለሥራ ሄዷል” እንድል ተነግሮኛል፤ መንደርተኛው በሙሉ እውነቱን እያወቀ እኔ ይህን ስመልስ፣ ጠያቂውም እንዳመነኝ ሆኖ ሲያልፍ ኖረናል። በትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚሞላ ቅጽ ላይ “የአባት ሥራ” የሚል ቦታ ነበረ። አንዱ የክፍል ኃላፊያችን በተማሪዎች ፊት አስነሥቶ ደርግ ተቃዋሚዎቹን በሚጠራበት ቃል “የአናርኪስት ልጅ” ሲለኝ፣ በማግስቱ ዓመት የመጡት መምህርት ግን ምንም ሳይጠይቁኝ በገዛ እጃቸው “መምህር” ብለው ጻፉልኝ። ለራሳቸውም አደገኛ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በሕይወት ካሉ ይህን ቢያነቡልኝ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

እሑድ እሑድ እናቴ ከቀበሌው የውይይት ክበብ መቅረት አትችልም ነበር፤ ብትቀር የስኳሩና የሳሙናው ኩፖን ይያዝባታል። በስብሰባው መጨረሻ ሁሉም ቆሞ ግራ እጁን እያነሣ መፈክር ያሰማል፤ “አናርኪስቶች ይውደሙ” ሲባልም እሷ እጇን ታነሣለች። አፏን እያንቀሳቀሰች ድምፅ እንደማታወጣ የማውቀው ከጎኗ የምቆመው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድም ቀን ስለዚህ አልተነጋገርንም። እኔም እንደ እሷ ማድረግ ጀመርኩ፤ አፌን እያንቀሳቀስኩ ዝም ማለትን የተማርኩት ከእናቴ ነው ማለት እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ልማድ መተው ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴ በ1976 ዓ.ም. ሲፈታ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ግን የወጣው ሰው የገባው ሰው አልነበረም። በገዛ ቤቱ ወደ ጓሮ ለመውጣት እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ንጋት ላይ እስረኞች በሚቆጠሩበት ሰዓት ይነሣና አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። “አትጠይቁት” ስለተባልን አልጠየቅንም፤ እሱም እኛን ላለማሳዘን አልነገረንም፤ እንደዚሁ እንደተከባበርን አረፈ። በሕይወት በመመለሱ ቤተሰባችን ዕድለኛ ነው እየተባለ ስለሚነገር፣ ስለራሳችን ማውራት የልጆቻቸውን አስከሬን የጥይት ዋጋ ከፍለው የተረከቡትን ወላጆች ሐዘን ማሳነስ ይመስለን ነበር። አሁንም እንዲያ የሚሰማቸው ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሁለት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። ፎቶግራፎቹና አጽሞቹ በክብር መቀመጣቸው ተገቢ ነው። የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ያሰባሰባቸው ሰነዶችም ወንጀሉን ለማስረዳት የተሰበሰቡ ስለሆኑ ስለ ገዳይና ስለ ሟች ብዙ ይናገራሉ። ስንቅ ማመላለስን የሚመዘግብ ሰነድ ግን በተፈጥሮው አልነበረም፤ ያለው በሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ነው። በሮቹም እየጠፉ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት፣ የተረሸኑበት የአዲስ አበባው የከርቸሌ እስር ቤት ዓለም በቃኝ ፈርሶ፣ በቦታው የቆመው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ስንቅ የቋጠሩት እናቶች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እናቴም ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ወላጁ በመንግሥት የታሰረበት ልጅ ወላጁ የት እንዳለ እንዲነገረው ያዛል። ይህን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተኝ። ያች የጨርቅ ቋጠሮ ትሠራ የነበረው ይህ አንቀጽ የሚያዘውን ሥራ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ዓምድ ከፍቶ፣ ያኔ ልጆች የነበሩና ዛሬ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ያዩትን እንዲጽፉ ወይም በድምፅ እንዲያስቀዱ ይጋብዝልን። በየክፍለ ሀገሩ ስንቅ ያመላለሱ እንዳይቀሩም አደራ እላለሁ፤ ስለ አዲስ አበባ ከሚጻፈው በጣም ያነሰ ነው ስለ እነሱ የተጻፈው። የተሰበሰበው ለሙዚየሙና ለታሪክ ተመራማሪዎች ይሰጥ። ለሥራው ጊዜና ጉልበት የምሰጥ እኔ የመጀመሪያው እሆናለሁ።

ደብዳቤውን ካወጣችሁት ስሜን እንዳትጠቅሱ እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ ባልፈራም፣ እህቴ አያታቸው ታስሮ እንደነበር እስካሁን ለልጆቿ አልነገረቻቸውም። ባለፈው እሑድ ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራት “ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው” ብላኛለች።

ከአክብሮት ጋር
ስማቸው በጸሐፊው ፍላጎት ያልተጠቀሰ አንባቢ