ዋስ ከመጠየቃችን በፊት እጇን እንይላት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የልብስ ስፌት ሼድ ውስጥ ለአምስት ዓመታት የመስመር ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ስምንት ሠራተኞች ያሉት የራሴ አነስተኛ ስፌት ቤት አለኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በከተማችን የማስታወቂያ ሰሌዳዎችና የቴሌግራም ገጾች ላይ ደጋግሜ የማነበው አንድ ሐረግ ነው፦ «የሥራ ልምድ ያላትና በቂ ዋስ ማቅረብ የምትችል»።

ገንዘብ ለሚይዝ ወይም ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ ዋስ መጠየቁ ይገባኛል። የጨርቅ ጠርዝ በሚሰፋው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ለምትውል፣ ማታም ስትወጣ ለምትፈተሽ ልጅ ግን ዋሱ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ደመወዝተኛ መሆን፣ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ከበንሳ ወይም ከይርጋ ጨፌ ትናንት የመጣች ልጅ በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ታመጣለች? የምታገኘው ደላላ ነው፤ ለእርሱም ገና ያልሠራችበትን ደመወዝ ቃል ትገባለታለች። በዚህ መንገድ የምንመርጠው መስፋት የምትችለውን ሳይሆን ዘመድ ያላትን ነው።

የሥራ ልምድ ወረቀቱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ሕጉ ቢያዝም፣ ወረቀታቸውን ሳይዙ የወጡ፣ ዛሬ ተመልሰው እንዳይጠይቁም አሠሪያቸው ከአገር የወጣባቸው ልጆች ወደ እኔ መጥተዋል። ከመካከላቸው አንዷን ሲንገር ላይ አስቀምጬ ኮሌታ እንድትሰፋ ሰጠኋት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የማንም ደብዳቤ የማይነግረኝን ሁሉ አየሁ።

ነገር ግን ፈትኖ መቀበል ብቻውን እንደማይበቃ የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በፓርኩ ሳለሁ አዲስ ገቢዎችን የምንመዝነው የእጃቸውን ቅልጥፍና አይተን ነበር። ከአለታ ጩኮ የመጣች አንዲት ልጅ በዚያ ምዘና ከሁሉም ቀድማ መስመሬ ላይ ተመደበች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ክር ይበጠስባታል፣ ታርጌቷንም ግማሽ እንኳ አትሞላም ነበር። በአማርኛ አስረዳታለሁ፤ «እሺ» ትለኛለች። አትረባም ብዬ እንድትሰናበት ስሟን ለሰው ኃይል ክፍል ልሰጥ በተዘጋጀሁበት ቀን፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ሠራተኛ ክሩ በሉፐሩ፣ ማለትም ክሩን በሚያቆላልፈው የማሽኑ ክፍል፣ በኩል የሚያልፍበትን መንገድ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ስታስረዳት ሰማሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ታርጌቷን ሞላች። ከእኔ አፍ የወጣው አማርኛና የማሽኑ እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ለእርሷ ምንም እንዳልነገራት፣ «እሺ» ያለችውም አክብራኝ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያች ልጅ በፊት እንዲሁ «አትረባም» ብዬ ያሰናበትኳቸውን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀድሞ 45 ቀን የነበረውን የሙከራ ጊዜ ወደ 60 የሥራ ቀናት አሳድጎታል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። የሙከራው ዓላማ ሠራተኛዋ ለሥራው ተስማሚ መሆኗን መመዘን እንደሆነ አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ይሁንና ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ስለሚፈቀድ፣ ብዙ ቀጣሪዎች አሥሩን ሳምንት ምንም ሳያስተምሩ ያሳልፉና ሲያበቃ ሌላ አዲስ ሰው ይጠራሉ። ያላስተማሩትን ሰው መመዘን እንዴት ይቻላል? በዚያ ላይ የተበላሸው ጨርቅና የባከነው የማሽን ሰዓት የአሠሪው የራሱ ኪሳራ ነው።

አሠሪ ወዳጆቼ «ካሠለጠንናት ጥላን ትሄዳለች» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ከእኔም ዘንድ ሁለት ልጆች ሄደዋል። የቀሩት ግን ያስተማርኳቸው ናቸው፤ ዛሬ አዲስ የምትመጣዋን ልጅ በራሷ ቋንቋ የሚያስተምሯት እነርሱ ናቸው፤ እኔ የምከፍላቸው ለዚያ የሚያጠፉትን ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራና ክህሎትን የሚመለከተው የከተማችን መሥሪያ ቤት ገንዘብና ንብረት ለማይረከቡ ሠራተኞች ዋስ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችን እንዲመረምር፣ በሙከራ ጊዜ ለአዲስ ሠራተኛ ማን፣ ምን፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳስተማራትም ከአሠሪዎች በጽሑፍ እንዲጠይቅ በአክብሮት አመለክታለሁ።

የቀድሞ የልብስ ስፌት መስመር ኃላፊ
ከሐዋሳ