ደብዳቤ ለልጄ፦ ደብተርህን አገኘሁት

ደሴ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ልጄ አቡሽ፣

እንኳን ለ19ኛ ዓመትህ አደረሰህ። እናትህ ዳቦ ደፍታ ነበር። አንተ ስለሌለህ እህትህ ሚጣ በስምህ ቆረሰችው። የአንተንም ድርሻ በስምህ በላችው።

ልደውልልህ ነበር። ግን ስልክ ላይ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ «እሺ» ማለት ስለማትችል ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ።

አክስትህ ሐሙስ ማታ ደውላልኝ ነበር። አልከሰሰችህም፤ እንዳትቀየማት። «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ነው ያለችኝ። ያን ሲልክሶንግ የምትሉትን ጌም ከጨረስክ ወዲህ ፊትህ እንደጠቆረ ነው አሉ። ራት ላይ አትቀርብም አሉ። ይሄ ይሁን። ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብሮህ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ተዘጋግታችኋል አሉ። እሱ ጌሙን ወደደው፣ አንተ ጠላኸው። ከዚያ በጓደኞቻችሁ ፊት «አንተ ስለ ጌም ምን ታውቃለህ» ብለህ አዋረድከው።

በጌም ጓደኛ ይጣላል እንዴ? እኔ ይሄን ፕሌይስቴሽን ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመቴ ነው። በጌም የተጣላ ስንት አይቻለሁ። ጆይስቲክ የወረወረም ነበር፤ አስከፍዬዋለሁ። እነሱ ግን የሚጣሉት ተሸንፈው ነው። አንተ ጨርሰህ፣ አሸንፈህ ተጣላህ።

ለገና ስትመጣም ዝም ብለህ ነበር። የፈተና ድካም መስሎኝ ነበር። ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጌሙን ጭነህ ለሚጣ «ተጫወቺው፣ እኔ አልፈልገውም» ስትላት ሰምቻለሁ። አጎትህ ከዱባይ 20 ዶላር ከፍሎ የሰጠህን ስጦታ! እሱን በድጋሚ አመስግነው። የመጀመሪያው ምስጋናህ በእግር ብረት የተነገረ ነበር የሚመስለው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ እናትህ አልጋህን ስታነሳ አገኘችው። ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ከፍቼ አየሁት፤ ይቅርታ። አባት ነኝ፣ እከፍታለሁ።

መጀመሪያው ገጽ ላይ የካቲት 2011 ይላል። ሲልክሶንግ ይወጣል የተባለው ያኔ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ሆርኔት ትመጣለች» ብለሃል፤ የጌሙን ጀግና ማለትህ ነው። ያኔ 12 ዓመትህ ነው። የፊተኛውን ጌም፣ ሆሎው ናይትን፣ በዚያ በሚጮኸው አሮጌ ላፕቶፕ ሁለት ጊዜ ጨርሰህ ሦስተኛውን ጀምረህ ነበር። አደላይድ የሚባል የአውስትራሊያ ከተማ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው የሠሩት ብለህ ካርታ ላይ ያሳየኸኝን አስታውሳለሁ። «አባዬ፣ ሦስት ሰው ይሄን ከሠራ እኛም ሱቃችን ውስጥ መሥራት እንችላለን» አልከኝ። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ ሒሳብህን ሥራ» አልኩህ። አሁን ሳስበው ሌላ መልስ ልሰጥህ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ካርታዎቹ ይጀምራሉ። ከጉድጓድ በታች ጉድጓድ። ሰባት ከተማ። የፊተኛው ጌም ዝምተኛ ጀግና፣ ናይት፣ በ14ኛው ገጽ ላይ ተመልሶ ከሆርኔት ጎን ይሰለፋል። ሰኔ 2014 ላይ «በ12 ወር ውስጥ ይወጣል!!!» ብለሃል፤ ያ የኤክስቦክስ ዝግጅት ላይ የተነገረው ነው። ግንቦት 2015 ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ። «ተራዘመ።» እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ እየበዛ፣ ከተሞቹ እየሰፉ ሄዱ። እነሱ በዘገዩ ቁጥር አንተ ትሠራ ነበር።

ገባህ ልጄ? አንተ የተጫወትከው ሁለት ጌም ነው። አንዱ ነሐሴ 29 ቀን 2017 የወጣው ነው። ሌላው ይሄ ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ ያለው ምንም ስህተት የለበትም። አይከብድም፣ አያሰለችም፣ ወደ ቦሱ፣ ወደ ዋናው ጠላት፣ ረጅም መንገድ አያስኬድም። የመጣውን ባልመጣው አትለካ። ያልመጣው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

የምትከሳቸውን ነገሮች አውቃቸዋለሁ፤ ለገና ለሚጣ ስትዘረዝርላት ጆሮዬ እዚያ ነበር። ሆርኔት ወደ ታች ስትመታ በሰያፍ ነው የምትወርደው፣ ናይት ግን ቀጥ ብሎ ነበር። ብዙ ጠላት በአንዴ ሁለት ማስክ፣ ሁለት ነፍስ ማለት ነው፣ ይወስዳል፣ ያለህ ግን አምስት ብቻ ነው። አንዳንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለማረፍ እንኳ ይከፈላል። ደግሞ ትናገራለች። «ናይት አይናገርም ነበር» አልክ። ልጄ፣ እሷ እኮ ናይት አይደለችም! ስሟም፣ ቁመቷም፣ መርፌዋም ሌላ ነው። ከዝርዝርህ ግማሹ «ለምን የድሮው አልሆነችም» የሚል ነው።

ግማሹ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አልክድህም። ሠሪዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ማስተካከያ መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ሁለት ቦሶችን ትንሽ አለዝበዋል። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውንም ጌም አስታውስ፤ በፈረንጆቹ 2012 ነው ይሠራል የተባለው፤ የወጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ነው። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ ሶኒ በስምንተኛው ቀን ከመደብሩ አነሳው። የመለሰው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እዚያ ላይ የተናደደውን ሰው «ብዙ ስለጠበቅክ ነው» ብትለው ይመታሃል፤ ልክም ነው። ዕቃው ተሰብሮ ነው የመጣው። ግን በ2023 ተጠግኖ ሲጫወቱት የወደዱት ብዙዎቹ ያንን ስምንት ዓመት ያልጠበቁ ነበሩ። የተሰበረን ዕቃ ካልተመኘኸው ዕቃ ለይ። እኔ የምለው ይሄን ነው።

አንድ ነገር ላሳቅህ። የኳሱ ጌም ፊፋ ስሙን ቀይሮ ኤፍሲ የተባለ ጊዜ፣ እዚህ ሁሉም አሁንም ፊፋ ነው የሚለው፣ ረዳቴ «አዲሱ ገብቷል» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጠፈ። ዲስኩ ግን ገና አዲስ አበባ ነበር። እኔም አላየሁም። ሁለት ጎረምሶች ገብተው ያንኑ የድሮውን አንድ ሰዓት ተጫወቱ። ሲወጡ አንዱ «ሩጫው ተስተካክሏል» አለ። ሌላው «ግን በረኛው ቀሽም ሆኗል» አለ። ገንዘባቸውን መለስኩ። ወረቀቱን ነው የተጫወቱት።

እኔስ ብሆን? በ2005 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ሲጫወት አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ነበርክ። ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር በአሥር ሰው 1 ለ 1 ስንወጣ ፒያሳ በጩኸት ተናጋ። አቻ እኮ ነው! ስድስት ይገባብናል ብለን ስለነበር ነው። ከዚያ ልባችን አበጠ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲያሸንፈን ቲቪውን ሳልዘጋ ወጣሁ። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ አልተሸከምኩህም። በእግርህ ነው ያስኬድኩህ፣ እያለቀስክ።

በነገራችን ላይ ያ የላፕቶፕህ ማራገቢያ ይጽዳ። አቧራ ይበላዋል። ለሚሠራ ሰው ስጠው፣ ራስህ አትፍታው።

ሚጣ እንዴት እንደምትጫወት ልንገርህ። እሷ ሆሎው ናይትን አልጨረሰችም፣ ምንም አልጠበቀችም። ስትሞት ትስቃለች። ያንን ደወል እየመታ የሚዘምረውን ትንሽ ተሳላሚ፣ ሸርማ ነው የምትሉት፣ ባገኘችው ቁጥር ትቆምለታለች። ሆርኔት መሣሪያዋን ስትጫወት ሌሎቹ አብረው ሲዘምሩ እናትህን ከጓዳ ጠርታ አሳየቻት። ስለ ማስክ ብዛት አንድም ቃል አልተናገረችም። እንዲያው ጠቢብ ሆና አይደለም፤ ደብተር ስለሌላት ነው።

እኔም ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ተሳላሚዎች አቀበት ይወጣሉ፣ ጫፉ ላይ ቅዱስ ከተማ አለ ይባላል፣ መንገድ ላይ የሚወድቅ አለ፣ የሚነግድ አለ፣ የሚዘምር አለ። ግሸን ነው አልኩ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስንወጣ ያየነው ነው። አደላይድ ያሉት ሰዎች ግሸንን በሕልማቸውም አያውቋትም። ግን እኔ ግሸንን ይዤ ስለቆምኩ ግሸንን አየሁ። ስለዚህ እኔም ንጹሕ ዳኛ አይደለሁም። የእኔ ሸክም ጌሙን አስወደደኝ፣ የአንተ አስጠላህ። ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ጓደኛህ ነበር፤ እጄ ግን ወደዚህ ሄደ።

አያትህ በ1977 ወደ ሰሜን ሲዘምት አራት ዓመቴ ነበር። ፊቱን አላስታውሰውም ነበር። የነበረን አንድ ፎቶ ነው፤ ሳሎን ያለው፣ ኮፍያውን አዘንብሎ የተነሳው። ስድስት ዓመት ከዚያ ፎቶ ጋር ኖርኩ። አንተ ደብተር ላይ እንደጨመርክ እኔም ፎቶው ላይ ጨመርኩ። ቁመቱን ጨመርኩ። ድምፁን አወፈርኩ። ሰፈር ውስጥ የደበደበኝን ልጅ ሁሉ «አባቴ ሲመጣ» እለው ነበር። ሲመጣ በጂፕ ነው የሚመጣው። ሲመጣ እውነተኛ ኳስ ይዞ ነው የሚመጣው።

በ1983፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ከሲታ ሰው በር ላይ ቆመ። ያነክሳል። ጫማው በገመድ ታስሯል። በእጁ አንድ ፌስታል አለ። አያትህ፣ ሴት አያትህን ነው የምልህ፣ ጮኸች። እኔ ዞር ብዬ ፎቶውን አየሁ። ከዚያ እሱን አየሁ። «ይሄ አባቴ አይደለም» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰማኝ።

ሦስት ቀን ጎረቤት አደርኩ። ሲለምኑኝ ተመለስኩ። እሱ ምንም አላለኝም። በሳምንቱ ከሽቦ መኪና ሠራልኝ። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ መሪው ረጅም፣ ቆሜ የምነዳው። በሮቹ ይከፈቱ ነበር፤ ከሽቦ እንዴት እንደሠራቸው እስከዛሬ አይገባኝም። እኔ ግን የጠበቅኩት ኳስ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ያ ልጅ መኪናዋን ሰፈር ለሰፈር ሲነዳት አያትህ በር ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር።

በ1986 በሳንባ ሞተ። ሦስት ዓመት ያህል አንድ ቤት ኖረናል። ብዙውን ጊዜ ከፎቶው ምን ምን እንደጎደለው ስቆጥር ነበር። የሚያወራ ሰው አልነበረም፣ ግን ሽቦ ሲያጣምም ያፏጭ ነበር። ምን እንደሚያፏጭ ግን አልጠየቅኩትም።

ለገና ለሚጣ «ተጫወቺው፣ እኔ አልፈልገውም» ስትላት፣ ሒሳብ እየተቀበልኩ ነበር፤ መልስ አሳስቼ ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቀዋለህ።

የመጣውን ባልመጣው አትለካ፣ አቡሽ። አትወደው፣ ግድ የለም። ጌም ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ፈተናህ ሲያልቅ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ጀምረው። ያኔም ከጠላኸው ጥላው፣ እኔም አብሬህ እጠላዋለሁ። አሁን ግን ገና ትናንት የጨረስከው ነገር ላይ አትማል። ስድስት ዓመት ጠብቀህ በአንድ ሳምንት አትፍረድ።

ጓደኛህ ጋር ግን ነገ ትደውላለህ። ይሄ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። «ጌሙ አሁንም አልተመቸኝም፣ አንተን ማዋረዴ ግን ጥፋት ነው» በለው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከዚያ የት ጋ እንደወደደው ጠይቀው። ዝም ብለህ ስማው። መሃል ገብተህ ስለ ሰያፉ አትንገረው።

እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች። እሑድ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እልከዋለሁ፤ የሹፌሩን ስልክ ሚጣ ትልክልሃለች። ግማሹ ለአክስትህ ነው። የመብራት ካርድ በዚህ ወር አንተ ሙላ፣ ብሩን አስገብቼልሃለሁ። ራት ላይ ቅረብ። የአጎትህን ልጅ የጆሮ ማዳመጫ መልስ፣ ከመስቀል ጀምሮ አንተ ጋ ነው።

ደብተሩን ከበርበሬው ለይቼ በሌላ ፌስታል አስሬዋለሁ፣ እንዳይሸትብህ። 14ኛውን ገጽ ሚጣ በስልኳ ፎቶ አንስታለች፤ ናይት የተመለሰበትን። ወዳዋለች። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ራስህ ሂድና ተቀበል፣ አክስትህን እንዳትልካት፤ እግሯን ያማታል።

አባትህ