ከዲግሪው በፊት ደብተሩ ይስተካከል፤ ስለ ኪነ ጥበብ አስተዳደር ትምህርት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምሥራቁ ዩኒቨርሲቲዎች የኪነ ጥበብ አስተዳደርን፣ ማለትም የቴአትር፣ የሙዚቃና የሙዚየም ሥራን በጀት፣ ውልና ድጋፍ የመምራት ሙያን፣ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት አድርገው እንዲከፍቱ የሚጠይቅ አስተያየት በጋዜጣችሁ ወጥቶ አንብቤያለሁ። በጥያቄው መነሻ እስማማለሁ፤ በቀረበው መፍትሔ ግን አልስማማም። በድሬዳዋ ከተማ በሒሳብ ሙያ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሙዚቃና የቴአትር ክበባትን ሒሳብ ስለማገላብጥ ነገሩን የማውቀው ከመድረኩ ፊት ተቀምጬ ሳይሆን በቲኬት መሸጫው በኩል ነው።

የአንድ ክበብ የሒሳብ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። በወጪው በኩል «ለሳውንድ ቀብድ»፣ «ለጄኔሬተር ናፍጣ»፣ «ለፖስተር»፣ «ለባጃጅ»፣ «ለልጆቹ ሻይ» እየተባለ አንድ በአንድ ይወርዳል። በገቢው በኩል ግን «ከቲኬት» ከምትል አንዲት መስመር በቀር የሚነበብ ነገር አይገኝም፤ ስንት ቲኬት እንደታተመ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ ለእንግዳና ለዘመድ እንደታደለ የሚያሳይ ምልክት የለም። ተዋንያኑ ከትርፉ «የኪስ» ይሰጣቸዋል፤ ትርፍ ከሌለ ደግሞ አይሰጣቸውም። ለጽሑፉ ደራሲ የተከፈለ ገንዘብ በእነዚህ ደብተሮች ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው። ከሁሉም የሚከፋው፣ ደብተሩ የሚጻፈው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ይህ የሆነውን መመዝገብ እንጂ በጀት መያዝ አይባልም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ቢቀጠርም አይስተካከልም፤ ሒሳብ ሠራተኛ የሚሠራው በተሰጠው ቁጥር ነውና።

የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤዎቹም እንዲሁ ናቸው። «ለባህላችን ዕድገት የበኩላችሁን አስተዋጽኦ እንድታደርጉ በትሕትና እንጠይቃለን» ይላሉ፤ ከግርጌያቸው ክብ ማኅተም ያርፍባቸዋል፤ ስንት ተመልካች እንደሚጠበቅ፣ የተመልካቹ ዕድሜ ምን እንደሚመስል፣ ድርጅቱ በሰጠው ገንዘብ ልክ ምን እንደሚያገኝ ግን አንዲት ቃል የላቸውም። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በመሳቢያው ውስጥ ሲያኖረው ለባህል ደንታ የለውም ብሎ ማማት ቀላል ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ እፈርድለታለሁ፤ የሚወስንበት ነገር አልተሰጠውም።

የኪነ ጥበብ አስተዳደር በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በአሜሪካና በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ የራሱ መማሪያ እንዲኖረው ያስፈለገበት ምክንያት በዚያው ዘመን በግልጽ ተቀምጧል። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በሌላው የሥራ ዘርፍ ማሽን እየተሻሻለ አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ሲጨምር ደመወዙም አብሮ ያድጋል፤ በመድረክ ሥራ ግን የሚጨምረው ደመወዝ እንጂ ምርቱ አይደለም። የእኛው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ቢያስገባ በጥቂት ሰው ብዙ ጨርቅ ያወጣል፤ ስድስት ገጸ ባሕርያት ያሉትን ቴአትር ግን ዛሬም በሦስት ተዋናይ መጫወት፣ የሁለት ሰዓቱንም በአንድ ሰዓት ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ የዝግጅት ወጪ ከቲኬት ገቢ እየቀደመ መሄዱ የአዘጋጁ ስንፍና ብቻ ሳይሆን በሥራው ባሕርይ ውስጥ ያለ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱን ከየት እንደሚሞሉት ማወቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህ ሙያ በሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የበጀት አያያዝን፣ የድጋፍ ማሰባሰብን፣ የተመልካች ጥናትን፣ ውልንና የቅጂ መብትን ይማራል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚቀድመው ውልና የቅጂ መብት ይመስለኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተሻሻለም ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ድምፃዊውና ተዋናዩም በክዋኔያቸው ላይ የራሳቸው መብት አላቸው። ሆኖም ባንዶቻችን አሁንም የሚስማሙት በስልክና በቀብድ ነው። ፕሮሞተሩ ዝግጅቱን ቀርጾ በዩቲዩብ ሲለቀው ጠያቂ የለም፤ ሲጀመር ስለ ቀረጻው የተባለ ነገር አልነበረምና።

ስለ ሐረር ስናወራ ጉዳዩ ይሰፋል። በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የሐረሪዎች የሸዋል ኢድ በዓል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ከመዝገቡ በኋላ የሚመጣው እንግዳ፣ ማረፊያ፣ ጸጥታ፣ የድምፅ መሣሪያና የፎቶ ፈቃድ ሁሉ የአስተዳደር ሥራ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ፤ ምናልባት የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ዐይኔ ውስጥ የገባ ነገር ይሆናል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሸዋል ኢድ የሚከበረው ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጾሞ ሲያበቃ በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ በአንዱ ዘመን በበጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ ካዝናው ሲሟጠጥ ይውላል፤ በሌላው ዘመን ገንዘቡ ገና ሳይለቀቅ ይደርሳል፤ ሁለት ሸዋል ኢድ በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ የሚወድቁበት ጊዜም አለ። ይህን አስቀድሞ አስልቶ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያው ሰው በዓሉ በመጀመሪያ የአማኙና የባለቤቱ ሕዝብ መሆኑን አውቆ፣ ለካሜራ ሲባል ሥርዓቱን ከማስለወጥ የሚታቀብ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በአስተዳደር መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ከሐረር ሽማግሌዎችና እናቶች እግር ሥር ቁጭ ብሎ መማርን ይጠይቃል።

የሸሪፍ ሙዚየምም እዚያው ጁገል ውስጥ አለ። በአቶ አብደላ ሸሪፍ የግል ጥረት የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የድምፅ ቅጂዎች ለአገር የሚተርፉ ናቸው። በአንድ ሰው ፍቅር የተጀመረ ተቋም ከመሥራቹ በኋላም እንዲዘልቅ ቦርዱ፣ የቅርስ ዝርዝሩና ቋሚ ገቢው እንዴት መደራጀት እንዳለበት የሚያስተምረው የትምህርት ዘርፍም ይኸው የምንነጋገርበት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያ ዲግሪው ለምን ይቅር አልኩ? አንደኛ፣ የመንግሥት ቅጥር በሥራ መደብና በተመረቁበት የትምህርት መስክ ስለሚሄድ፣ መደቡ ሳይዘጋጅ ተማሪ ማስመረቅ ልጆቹን በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጣ፣ በምደባ የደረሰው፣ አንድም ቲኬት ሸጦ የማያውቅ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ስፖንሰር ቢማር ትምህርቱ የሚያርፍበት መሬት የለውም። ደብተሩን የሚጽፉት የክበብ ጸሐፊዎች፣ የባህል ቢሮ ባለሙያዎች፣ የሙዚየም ሠራተኞችና የባንድ ማናጀሮች ግን ጥያቄውን ይዘው ነው የሚመጡት።

ስለዚህ የምጠይቀው አነስ ያለ ነገር ነው። የድሬዳዋም ሆነ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሕግ መምህራን አሏቸው፤ እነዚህን አስተባብሮ በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የአንድ ዓመት የሰርተፊኬት ሥልጠና መጀመር አዲስ ሕንፃም አዲስ ኮሌጅም አይፈልግም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መምህራን ለጥቂት ሳምንት በእንግድነት ቢጋበዙ ደግሞ የሙያው ወገን ይሟላል። ሥልጠናው ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ከታየ በኋላ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ማሳደግ ይቻላል። ፈተናውም በወረቀት ብቻ ባይሆን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በበጀት የተያዘ፣ በውል የታሰረ፣ ሒሳቡ የተዘጋ አንድ ዝግጅት ከተማው ውስጥ አቅርቦ ቢመዘን መምህሩም እኛም ውጤቱን እናየዋለን።

አስተዳደር ከገባ ጥበቡ ንግድ ይሆናል የሚሉ አርቲስቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ንግዱ ግን ዛሬም አለ፤ የጎደለው ደረሰኙ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ሐሳቡን የሚቀበሉት ከሆነ ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በድሬዳዋ ሙቀት ከቀትር በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ተማሪ አያገኝም፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ልናስተምራቸው የምንፈልጋቸው ሰዎች መድረክ ላይ ናቸው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ